ፀሐይ ላይ የሚነደው ምንድን ነው? 34 መልሶች ከድሬ

ግንቦት ነው። ድሬን ታውቋታላችሁ። መብራት ጠፍቷል፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ ሰው ሽርጡን አገልድሞ በረንዳ ላይ ተዘርግቷል። እኔ ጣሪያ ላይ ነኝ። የሮቶው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ስለሰነበተ የእህቴን ልጅ ፒንሳ አስይዤ ወጣሁ። ልጁ 7ኛ ክፍል ነው። እንዳያዳልጠው ብሎ ጫማውን አወለቀና አንድ እግሩን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ። ጩኸቱ ጎረቤት ደረሰ። ዘሎ የግንቡ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለና ውስጥ እግሩን እያሻሸ ሽቅብ አየ። ከዚያ ጠየቀኝ። እሳት ያለ ኦክስጅን እንደማይነድ ክፍል ውስጥ ተምሯል። ሕዋ ላይ ደግሞ አየር የለም። ታዲያ ፀሐይ ላይ የሚነደው ምንድን ነው?

ጋዝ ነው አልኩት። ምን ዓይነት ጋዝ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ፒንሳውን እንዲያቀብለኝ ነገርኩት።

ማታ መብራት ሲመጣ ጥያቄውን እንዳለ የድሬ ልጆች የምንገናኝበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ለጠፍኩት። እዚያ የሚለጠፈው አብዛኛውን ጊዜ የሚከራይ ቤት፣ የጠፋ መታወቂያና የድሮ ከዚራ ፎቶ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ቢመልስልኝ ብዬ ነበር። በሦስት ቀን 34 መልስ ገባ። አሁን የምተርክላችሁ እሱን ነው። ሁሉንም አይደለም፤ አንዳንዱ አይነገርም። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥር 1 እንደተለመደው ቀልደኛው ነው። ፀሐይ የድሬ ተወላጅ እንደሆነች፣ ሌላ አገር የምትሄደው ለሥራ ብቻ እንደሆነ ጻፈ።

ቁጥር 2 ሳቢያን ውስጥ ፊዚክስ የምታስተምር ሴት ናት። ውይይቱን የተሸከመችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ልጁን አመሰገነችና መልሱ አጭር መሆኑን ነገረችን፦ ፀሐይ ላይ የሚነድ ነገር የለም። ከሰል ሲነድ አቶሞች አጋራቸውን ይቀያይራሉ እንጂ አስኳላቸው አይነካም። ፀሐይ ውስጥ ግን የሚዋሃዱት አስኳሎቹ ራሳቸው ናቸው። አራት የሃይድሮጅን አስኳሎች ደረጃ በደረጃ ተዋህደው አንድ የሂሊየም አስኳል ይሆናሉ። አራቱን መዝነህ፣ የወጣውን አንዱን ብትመዝን ሚዛኑ አይገጥምም። 0.7 በመቶ ያህል ይጎድላል። አንስታይን በ1905 ያወጣው ቀመር ይህ የጎደለው ነገር ወዴት እንደሄደ ይነግረናል፤ ኃይል ሆኗል። በየሰከንዱ ወደ 600 ሚሊዮን ቶን ሃይድሮጅን ይለወጣል። ከዚያ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ብርሃንና ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ መሐል ላይ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ በሚደርስበት እምብርት ውስጥ። የምናየው ላይኛው ገጽ 5,500 ዲግሪ ቢሆን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረች። እምብርቱ ውስጥ የተፈጠረው ኃይል ወዲያው አይወጣም። ከአቶም አቶም እየተጋጨ፣ እየተመለሰ፣ እየዞረ ላይኛው ገጽ ለመድረስ በአስር ሺህዎች የሚቆጠር ዓመት ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ ያለው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህን ሳነብ ስለ እህቴ ልጅ እግር አሰብኩ። ያቃጠለው ሙቀት የተሠራው ሐረርም ድሬም ሳይኖሩ ነው።

ቁጥር 3 አመሰገነ። ቁጥር 4 በሙሉ ልብ ፀሐይ የምትሠራው በዩራኒየም እንደሆነ አስረዳን። ቁጥር 5 በትሕትና አረመው፤ ዩራኒየም ትልቁን አስኳል መሰንጠቅ ነው፣ ፀሐይ ትንንሾቹን ማዋሃድ ናት፣ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። ቁጥር 4 ተቀበለ። እኛ መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በዓመት አንዴ ነው የሚታየው።

ሰላሙ ግን እስከ ቁጥር 6 ነበር። ይህ ሰውዬ ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ መሆኑን፣ ስልክ ይዞ መፈለግ የማይችል ሰው ልጅ ማሳደግ እንደሌለበት፣ መብራት በፈረቃ በሚያገኝ ከተማ ስለ ፀሐይ ማውራትም ቅንጦት እንደሆነ ጻፈ። ልጁን የማሳድገው እኔ አይደለሁም፤ አጎቱ ነኝ። አልመለስኩለትም። መምህርቷ ግን መለሰች፣ አመላለሷም ደስ አለኝ። ስለ ሰውዬው አንድም ቃል ሳትናገር ታሪክ አወራች።

እስከ 1925 ድረስ ትልልቆቹ ሳይንቲስቶች ፀሐይ የተሠራችው መሬት ከተሠራችበት ነገር እንደሆነ ያምኑ ነበር። ብረቱም ድንጋዩም በተመሳሳይ መጠን አለባት ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት ሴሲሊያ ፔይን የምትባል የ25 ዓመት ተማሪ የፀሐይ ብርሃን ወደ ቀለማቱ ሲበተን የሚታዩትን መስመሮች አስልታ ሌላ ነገር አገኘች። ፀሐይ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ናት። በዘመኑ አንቱ የተባለው የአሜሪካ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ይህ ሊሆን እንደማይችል ነገራት። እሷም የገዛ ጽሑፏ ላይ ውጤቱ እውነት ላይሆን ይችላል ብላ ለመጻፍ ተገደደች። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል በራሱ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰ፤ ልክ እንደነበረችም አመነ። ሃይድሮጅኑ ባይታወቅ ኖሮ የተቀረው ሁሉ አይገጣጠምም ነበር። የሕፃን ጥያቄ ነው የተባለውን አዋቂዎቹ መቼ እንደመለሱት ቁጥር 6 ራሱ እንዲያሰላ ተወችው።

ቁጥር 7 የሼሚዶፈር ልጅ ነው። አባቱ ለገሃር ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ የባቡር ሠራተኛ ነበር። በከሰል የሚሄደው ባቡር እንዴት ይበላ እንደነበር ከአባቱ የሰማውን አጫወተን። አካፋ ይዞ እሳቱን የሚቀልበው ሰው ድሬ ሲደርስ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነበር የሚታየው። ከዚያ ወደ ፀሐይ ተመለሰ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ፀሐይ በሙሉ ከሰል ብትሆን ስንት ጊዜ እንደምትቆይ አስልተው ነበር። ኦክስጅኑ ከየትም ይምጣ ብንል እንኳ 5,000 ዓመት ገደማ ነው የወጣላቸው። የግብፅ ፒራሚዶች ዕድሜ ቢሆን ነው።

ቁጥር 8 ድንጋይ አዋቂ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ከሚቆፈርበት አካባቢ ይሠራል። ከከሰሉ ቀጥሎ የመጣውን ሐሳብ ነገረን። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ኬልቪን ፀሐይ በራሷ ክብደት እየተጨማደደች፣ መጨማደዷ እያሞቃት እንደሆነ አሰበ። ስሌቱ በ20 እና በ100 ሚሊዮን ዓመት መካከል ዕድሜ ሰጣት። ቁጥር 8 እዚህ ላይ ሳቀበት። የድሬ ሲሚንቶ የሚፈጨው በዳይኖሰሮች ዘመን እዚህ ከነበረ ባሕር ሥር የተጋገረ ድንጋይ ነው፤ ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ባሕሩ ውስጥ እንስሳት ነበሩ፤ እንስሳት ካሉ ፀሐይ ነበረች። የደቻቱ ልጆች የሚወራወሩት ድንጋይ ኬልቪንን ይረታዋል ማለት ነው። ዛሬ የፀሐይ ዕድሜ 4.6 ቢሊዮን ዓመት እንደሆነ ይታወቃል፤ ሌላ 5 ቢሊዮን ያህል ይቀራታል።

ቁጥር 9 ሁላችንም ልንጠይቀው የሚገባንን ጠየቀ። ይህ የሃይድሮጅን ቦምብ ከሆነ ለምን አንዴ ፈንድታ አትገላግለንም? መምህርቷ በቁጥር 10 ሁለት ምክንያት ሰጠች። አንደኛ፣ ፀሐይ ራሷን ትቆጣጠራለች። ውህደቱ ሲፈጥን እምብርቱ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ውህደቱ ይዘገያል። ሲዘገይ ደግሞ ክብደቱ መልሶ ያጨቀዋል። ሁለተኛው ምክንያት የመጀመሪያው እርምጃ እጅግ ዘገምተኛ መሆኑ ነው። አንድ ፕሮቶን፣ ማለትም አንድ የሃይድሮጅን አስኳል፣ ተራው ደርሶት ከሌላ ፕሮቶን ጋር እስኪዋሃድ በአማካይ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ይጠብቃል። እዚህ ላይ አንዱ ካርታ ለማውጣት የተመላለሰበትን ቢሮ አነሳና ፕሮቶኑን ከልቡ አዘነለት።

ከ11 እስከ 15 ያለው የእብደት ምዕራፍ ነው። ቁጥር 11 ከአዲስ አበባ የገቡ አዛውንት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ለቁጥር 9 ጥሩ ነገር ጽፈውለት ነበር። እሱ ግን በድሬኛ አመሰገናቸው፤ አንተ እያለ። አዛውንቱ ተቆጡ። በልጃቸው ዕድሜ ያለ ሰው አንተ ብሏቸው እንደማያውቅ ጻፉ። ከዚያ ግማሹ ሰው ድሬ ላይ ንጉሥም ቢመጣ አንተ እንደሚባል ሊያስረዳቸው ተረባረበ። ችግሩ፣ ያስረዷቸውም አንተ እያሉ ነው። ፀሐይ ተረሳች። በመጨረሻ አዛውንቱ ራሳቸው አበረዱት፤ በ70ዎቹ ድሬ ላይ ሁለት ዓመት አስተምረው እንደነበርና የፈጢራ ሻጯ ሳትቀር አንተ ትላቸው እንደነበር ትዝ እንዳላቸው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንቱ ይላቸው ጀመር። ምን ይደረግ።

ቁጥር 16 ለኔ የውይይቱ ጌጥ ነው። ጸሐፊው ሐረር ጁገል ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ያነሳው ችግር ይህ ነበር። ፕሮቶኖች ሁሉም አዎንታዊ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። 15 ሚሊዮን ዲግሪ ትልቅ ይመስላል እንጂ በድሮው ፊዚክስ ያንን ግፊት ለማሸነፍ አይበቃም። ፀሐይ ልትሠራ አይገባትም ነበር። መፍትሔው የተገኘው በ1928 ከፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ጋሞቭ ነው፤ ቅንጣት ግንብ ላይ መውጣት ቢያቅታት እንኳ አልፎ አልፎ ከግንቡ ወዲያ ማዶ ትገኛለች። የሐረሩ ልጅ ይህን ወደ ጁገል አመጣው። ግንቡ ሰው ሁለት ቢደራረብ የማይደርስበት ከፍታ አለው። ጅብ አይዘለውም። ግን ሌሊት መሐል ከተማ ታገኘዋለህ፤ በግንቡ ሥር ባለችው የጅብ ቀዳዳ ሾልኮ ነው። ልጅ ሆኖ በመስኮት አጮልቆ ያየውን ጻፈ። መጀመሪያ አፍንጫው ብቻ ከቀዳዳው ይወጣል። ቆሞ ያሸታል። ከዚያ ትከሻው ይጠብበውና እንደ ውሃ ይፈስሳል።

ቁጥር 17 ወዲያው አረመው። ፊዚክሱ ላይ ቀዳዳ የለም። ግንቡ ድፍን ነው፤ ጅቡ ግን ከማዶ ነው። የሐረሩ ልጅ ይህንንም ተቀበለና እንዲህ ያለ ጅብ እንደሚያስፈራው ጻፈ።

የሐረር ስም መነሳቱ ግን ዋጋ አስከፈለ። ቁጥር 18 የድሬ ልጅ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላ፣ ድሬ 1,200 ላይ ሆና፣ ለፀሐይ የቀረበችው ሐረር ከሆነች ለምን እኛ ብቻ እንጠበሳለን ብሎ ጮኸ። ቁጥር 19 የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት በቀን ሁለቴ ይወጣል። ሲነሳ ተሳፋሪው ሸሚዙን ይፈታል፤ ጫፍ ሲደርስ መስኮት ዝጋ የሚል ጩኸት ይጀመራል። የሰባት መቶ ሜትር ልዩነት ከ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ፊት ኢምንት ነው፤ አየሩን የሚያሞቀው መሬቱ ነው፣ ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል። ቁጥር 20 ሌላ ጨመረበት። መሬት በዓመት ውስጥ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ለገና ሰሞን ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትደርሳለች። ድሬ ላይ ደግሞ ያለ ማራገቢያ የሚተኛው ያኔ ነው።

ቁጥር 21 ቻይና ሰው ሠራሽ ፀሐይ አብርታ እንደጨረሰች፣ ድሬ ላይ ተራ እስኪደርስ ጥቂት ዓመት እንደቀረ አበሰረን። ቁጥር 22 ነገሩን አሳነሰው። በጃንዋሪ 2025 የቻይናው ማሽን ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ የጋለ ፕላዝማ፣ አቶሞቹ የተበታተኑበት ጋዝ፣ ለ1,066 ሰከንድ ይዞ ቆየ፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን መብራት አላመነጨም። አሜሪካ ውስጥ በዲሴምበር 2022 በሌዘር በተደረገው ሙከራ 2.05 ሜጋ ጁል ኃይል ገብቶ 3.15 ወጥቷል፤ ሌዘሮቹን ለማስነሳት የጠፋው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ፀሐይ በ15 ሚሊዮን ዲግሪ የምትሠራውን እኛ በ100 ሚሊዮንም የምንቸገረው የእሷ ክብደትም ትዕግሥትም ስለሌለን ነው።

በዚህ መሐል ቁጥር 6 ተመለሰ። ቁጥር 23 ላይ ነው። ማን ገብቶ አየው? አሳቡ ይኸው ነው፣ ስድቡን ትቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ነበር። ሰውዬው ሳያስበው መልካም ነገር ጠየቀ።

መምህርቷ በቁጥር 24 ስለ ኒውትሪኖ ጻፈች። ውህደቱ ሲካሄድ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ይወጣሉ። ብርሃኑ አስር ሺህዎች ዓመት የሚንከራተትበትን እነሱ በሁለት ሰከንድ ያልፉታል። የአውራ ጣትህ ጥፍር ላይ በየሰከንዱ 65 ቢሊዮን ያህል ያርፋሉ፣ ያልፋሉ፤ ሌሊትም ቢሆን መሬትን በስተው ከአልጋህ ሥር ይመጣሉ። ሬይ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ እነዚህን ለመያዝ 1.5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ 380,000 ሊትር ፈሳሽ የያዘ ታንከር አስቀመጠ። ፈሳሹ ላውንደሪ ቤት ልብስ የሚታጠብበት ኬሚካል ነው። በስሌት ከሚጠበቀው ያገኘው ሲሶውን ብቻ ነው። ለሰላሳ ዓመት አንዳንዱ ዴቪስ ቆጠራ አያውቅም አለ፣ አንዳንዱ ፀሐይን አናውቃትም አለ። በ2001 እና በ2002 ካናዳ ውስጥ የተደረገው ሙከራ የዴቪስ ቆጠራም የፀሐይ ስሌቱም ልክ እንደነበሩ አሳየ፤ ኒውትሪኖዎቹ መንገድ ላይ ዓይነታቸውን ይቀይራሉ። ዴቪስ ኖቤሉን ሲቀበል 88 ዓመቱ ነበር።

ቁጥር 25 ቀፊራ አካባቢ ላውንደሪ ያለው ሰው ነው። በ20 ዓመት ሥራ ያጣው ካልሲ እንጂ ኒውትሪኖ እንዳልሆነ ነገረን። ቁጥር 26 የሶላር ማስታወቂያ ነበር፤ ተሰረዘ።

ቁጥር 27 አያቷ የመን፣ ኤደን ከተማ ውስጥ ነጋዴ የነበሩ ሴት ናት። በነሐሴ 1868፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባለፉበት ዓመት፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ኤደንን አቋርጦ ወደ ህንድ አለፈ። ፈረንጆች መሣሪያቸውን ተሸክመው ኤደን ወርደው ነበር። በዚያ ዓመት የፀሐይ ብርሃን ውስጥ የታየች አንዲት ቢጫ መስመር ከማንም የመሬት ንጥረ ነገር ጋር አልገጠመችም። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኖርማን ሎክየር ያልታወቀ ንጥረ ነገር ነው ብሎ ከግሪኩ የፀሐይ ስም ሂሊየም የሚል ስም አወጣለት። የኬሚስትሪ ሊቁ ራምሴ መሬት ላይ ያገኘው በ1895 ነው። የፀሐይ አመድ የታወቀው ማገዶዋ ሳይታወቅ ነው ማለት ነው። ከዚህ ጽሑፍ ሥር ማንም ምንም አላለም፤ እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

ከዚያ ቁጥር 28 መጣ። ሐረማያ አቅራቢያ እርሻ ያለው ሰው ነው፤ ኮምፖስት ያዘጋጃል። የጻፈው አራት መስመር ነበር። የፀሐይ መሐል እምብርት በአንድ ሜትር ኩብ የሚያመነጨው ኃይል 280 ዋት ገደማ እንደሆነ፣ የእሱ የፍግ ክምርም ከዚያ የማይተናነስ ሙቀት እንደሚሰጥ አሳወቀን።

መድረኩ ተናወጠ። ቁጥር 29 ላይ ቁጥር 6 ሰውዬውን ፀሐይን ከፍግ ጋር ያወዳደረ ደንቆሮ ሲል ሰደበው፤ አስተዳዳሪው አስጠነቀቀው። ሁላችንም መምህርቷን ጠበቅን። አንድ ሰዓት ቆየች። በቁጥር 30 አስልታ መጣች፣ ፍጉ ልክ ነው። እንዲያውም ጠቅላላ ኃይሏን ለጠቅላላ ክብደቷ ካካፈልነው ለአንድ ኪሎ የሚደርሰው 0.0002 ዋት ብቻ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በኪሎ ከ1 ዋት በላይ ይሰጣል። ኪሎ በኪሎ ሰው ፀሐይን ከ5,000 እጥፍ በላይ ይበልጣታል። ፀሐይ ኃይለኛ አይደለችም፤ ግዙፍ ናት። ክብደቷ 333,000 መሬቶችን ያህላል። ቶሎ ቶሎ ብትሠራ ኖሮ እኛን ሳትጠብቅ ታልቅ ነበር።

እኔ በበኩሌ ከ34ቱ የያዝኩት ይህንን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ፀሐይን እንደ ምድጃ ስፈራት ኖሬ፣ ለካ ቀስ ብሎ የሚበላ ፍግ ናት።

ቁጥር 31 ወዲያው ወደ በርጫ ወሰደው። ዐሥር ሰው መስኮት ዘግቶ ከቃመ 1,000 ዋት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ክፍሉ መሐል እንደ መለኮስ ነው። ከሰዓት በኋላ ለምን እንደሚያልባቸው ገባቸው። 32 እና 33 ስለ አወዳይ ጫት ዋጋ ነው።

ቁጥር 34 ያ የፍግ ባለቤት ነው። ለስድቡ አልመለሰም። ልጁን ቅዳሜ እንዳመጣው ጋበዘኝ።

ሄድን። ደንገጎ ላይ መስኮት አዘጉን። ክምሩ ከሩቅ ተራ አፈር ይመስላል፤ ሲጠጉት እንፋሎቱ ይታያል። ሰውዬው ረጅም ቴርሞሜትር ሰካበት፤ 62 አለ። ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ ጣቶቹን አስገባ፣ እስከ አንጓው ደረሰ፣ ከዚያ ጮኾ አወጣው። በአንድ ወር ሁለተኛ መቃጠሉ ነው። እጁን አሸተተ፤ ፊቱን አጨማደደ። ሽቅብ አየና ፀሐይም እንዲህ ትሸት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ይህን ገና አልለጠፍኩትም። ቁጥር 6 ይኖራል።